ሽንፈት የመረጡት ምድጃ ሠሪ

የቀበሌያችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ከጥፋት ውኃ ጀምሮ ጥሎ ማለፍ ይገባል፤ በመጀመሪያውም ጨዋታ ይሰናበታል። ደጋፊው ሁሉ በስብሰባ ላይ «አንጋፋዎቹ ይውጡና ታዳጊዎች ይግቡ፤ ጥቂት ዓመት ተሸንፈን ዋንጫ እንበላለን» ሲል፣ አንድ የምን አለሽ ተራ ምድጃ ሠሪ ብቻ እምቢ አሉ። ኮታቸው ከሚቀጠቅጡት ቆርቆሮ የደረቀ ነው፤ በየጨዋታው ከጉያቸው አንድ የታጠፈ ማሊያ አይጠፋም።

«ጋሼ፣ ዕድሜ ልካችንን ልንሸነፍ ነው?» አልናቸው።

«ምን አለበት? ለምደነው የለ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ማሊያውን ዳበስ አደረጉ። «ልጄ ከውትድርና ሲመለስ፣ ኳስ የሚያቀብለው የሚያውቀው ሰው ይጠብቀው።»

የልጃቸው ደብዳቤ ከቀረ ሁለት ዓመቱ ነው።

ድምፅ ሲሰጥ የሁላችንም እጅ ለአንጋፋዎቹ ወጣ። ዘንድሮም በመጀመሪያው ጨዋታ ተሰናበትን፤ እንደዚያ ቀን አጨብጭበን ግን አናውቅም።