የመካኒኩ መዳፍ

ሌላው መካኒክ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው፤ እኚህ ሽማግሌ ግን ሳይጀምሩ ይታጠባሉ። «የቆሸሸ መዳፍ ይዋሻል» ይላሉ። ሦስት ጋራዥ ያቃተው የፒካፗ ንዝረት ያማረራት አትክልት ነጋዴ፣ «ለመኪና ነው ለጸሎት የመጣሁት?» ብላ በልቧ ሳቀች።

እሷ እየነዳች ሽማግሌው ከጎኗ ተቀምጠው መዳፋቸውን የመኪናዋ ወለል ላይ ለጠፉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ፍጠኚ እስቲ። አሁን ነዳጁን ልቀቂ... ጎማ አይደለም ልጄ፤ ካርዳኑ ነው።»

ከሥር ገብተው ሲያዩት፣ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ተፈቶ ሲመለስ ምልክቶቹ ሳይገናኙ ነበር የታሰረው። ፈተው፣ ምልክቱን ከምልክቱ አገናኝተው አሰሩት። እንደገና ለሙከራ ሲወጡ መኪናዋ ውሃ ሆነች።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ሕፃን ታስተኛለች እኮ!»

«ቆይ፣ ንዝረቱ አልለቀቀም» አሉ መዳፋቸውን እንደገና ወለሉ ላይ ለጥፈው።

«ኧረ ምንም የለም!»

«አለ እልሻለሁ! መካኒኩ እኔ ነኝ አንቺ?»

መንገድ ዳር ያዘችና ሞተሩን አጠፋች። ሽማግሌው ግን መዳፋቸውን ከወለሉ አላነሱም።

«አሁንስ ጋሼ?» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ተመለከቱት፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። በግራቸው ጥፍር አድርገው ያዙት፤ ግራውም አብሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሠላሳ ዓመት ያኖረኝ ይሄ እጅ ነው» አሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። «ልጄ፣ ይቺን ነገር ጋራዥ ስንደርስ እንዳታነሺያት።»