የእናትዎን ስም ይንገሩኝ

የመንቀሳቀሻው ትእዛዝ ኮልፌ ካለው የጦር ሰፈራችን የደረሰን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ካሚዮን ላይ ወጥተናል። ወዴት እንደምንሄድ የነገረን ሰው የለም። «ከአንድ ብርድ ልብስ በላይ እንዳትይዙ» ሲሉን ግን ቆላ እንደምንወርድ ገባን። ጊዜው የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ጠላት በምሥራቅ ጠረፍ ድንበር ጥሷል ተብሎ ነበር።

ያኔ አሥር አለቃ ነበርኩ፤ በሥሬ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ከመቀጠሌ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ አለዚያ ቀሪው አይገባችሁም። እኔ ጠርጣራ ሰው ነኝ። ዛሬ እንኳ ከአየር ጤና ታክሲ ስሳፈር አጠገቤ ያለውን ሰው እጅ ሳላይ አልቀመጥም። ይህን ጠባይ ያወረሰችኝ እናቴ ናት። የክርስትና ስሜን በሰው ፊት ጠርታው አታውቅም። «የሚደግምብህ ሰው በዓለም ስምህ አይሠራለትም፤ የሚፈልገው የክርስትና ስምህንና የእናትህን ስም ነው» ትለኝ ነበር። እሷ ብቻ አይደለችም፤ በእኛ ዘመን ይህን ሳይሰማ ያደገ ልጅ ብዙ አልነበረም። የእኔን የክርስትና ስም ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የመትረየስ ተኳሼ ላምቤቦ ይባላል። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው ኮልፌ ገበያ ቅቤና በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ፣ የሚሲዮን ሃይማኖት የያዙ ሴት ናቸው። የሚሲዮን ሰዎችን ያኔ የሚያምናቸው ጥቂት ነው። ስብሰባቸውን ፖሊስ ይበትነዋል፣ የውጭ ገንዘብ ይበላሉ፣ ብዙ ብዙ ይወራ ነበር። ላምቤቦ ራሱ ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ በማንም ላይ ክፉ የማይናገር ወጣት ነው። ክፉ አለመናገሩም አልጣመኝም። ወታደር ሆኖ አለቃውን የማያማ ሰው ምን ደብቆ ነው?

በሁለተኛው ቀን፣ ካሚዮኑ አሸዋ ላይ እየተንገጫገጨ፣ ላምቤቦ ደብተርና እርሳስ አወጣ።

«ጥላሁን፣ የእናትህ ስም ማን ነው?» አለው አጠገቡ የተቀመጠውን።

ልቤ ድንግጥ አለ። ጥላሁን ሳቂታ፣ ልቡ ክፍት ሰው ነበር። የእናቱን ስም ነገረው። የሚስቱን ጨመረለት፣ የሴት ልጁን ጨመረለት። በመጨረሻም ማንም ሳይጠይቀው የክርስትና ስሙን አስመዘገበ! ሌሎቹም ተከተሉት። ላምቤቦ ሁሉንም ጽፎ ወደ እኔ ሲዞር ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ኮረብታው ላይ የደረስነው በአምስተኛው ቀን ነው። ሁለት ግራር ብቻ የበቀለበት፣ ድንጋዩ እጅ የሚፋጅ ኮረብታ ነው። ከፊታችን ሜዳ። ከሜዳው ማዶ ጠላት። ምሽግ ቆፈርን። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኮዳ። በመነጽር ስናይ ማዶ አቧራ ይነሳል፤ ከዕለት ወደ ዕለት ይበዛል።

አንድ ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምሽጎቹን ስዞር ላምቤቦ ከመትረየሱ ኋላ ተቀምጦ መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቆም ብዬ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ቃሉ የዳዊት ነው፤ የኔታ ዘንድ ዳዊት ስለ ደገምኩ አላጣሁትም። ግን «አንተ» በሚለው ቦታ የሰው ስም ያስገባል።

«በጥላሁን አጠገብ ሺህ፣ በቀኙም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ ጥላሁን ግን አይቀርብም።»

ደሜ ፈላ። በጥላሁን ቀኝ ያለው ምሽግ የእኔ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«እየጸለይኩ ነው፣ አሥር አለቃ። ቃሉን በሰዎቻችን ስም እያነበብኩ። በተራ ነው፤ ዛሬ የጥላሁን ቀን ነው። መጀመሪያ ለራሱ፣ ከዚያ ለእናቱና ለሚስቱ። በመጨረሻ ኮልፌ ላለችው ቤተ ክርስቲያናችን።»

«በቀኙ ሺህና አሥር ሺህ ይውደቅ ስትል፣ በቀኙ ያለሁት ማን መሰልኩህ?»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። «እውነትዎን ነው፣ ይህን አላሰብኩትም። እንግዲያ እርስዎንም ላስገባዎት። ስምዎን አውቃለሁ፤ የእናትዎን ስም ይንገሩኝ።»

«የእናቴ ስም አይገኝም» ብዬው ሄድኩ። ጥላሁን ይህን ሰምቶ ቀኑን ሙሉ «በቀኜ ከሚወድቁት አሥር ሺህ አንዱ እርስዎ ነዎት» እያለ ሊያሾፍብኝ ተዘጋጅቶ ነበር።

ቀኑን ሙሉ አላሾፈም። በዚያው ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ማዶ አንድ ሞርታር ተተኮሰ። አንድ ብቻ። ሌላ አልተከተለም። ጥላሁን የውሃ ጀሪካን ተሸክሞ ከኮረብታው ጀርባ እየወጣ ነበር። ስንደርስ ውሃው መሬት ላይ ይፈሳል፤ እሱ ሞቷል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። መጀመሪያ ስሙን የሰጠው ሰው መጀመሪያ ሞተ። የሞተውም ስሙ በተጠራበት ቀን ነው። ላምቤቦ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር፤ እኔ ግን ልቅሶውንም ጠረጠርኩት። በዚያ ሰዓት የነበረኝን ልብ ዛሬ ላሳምረው አልፈልግም። ፈርቼ ነበር፤ ከሞርታሩ ይልቅ እሱን ፈርቼ ነበር።

ሻምበል ጦራችንን የሚመሩት መኮንን ድግምት የሚባል ነገር የማያምኑ ሰው ነበሩ። «በመጽሐፍ ቅዱስ ሰው ገደለ ነው የምትለኝ?» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ስም ይሰበስባል። የእናትም ጭምር። በደብተር ይዞታል።»

ደብተሩን አስመጥተው ገለጡት። ፊታቸው ተለወጠ። በድግምት አይደለም፤ የስንት ወታደር ስምና ቤተሰብ በአንድ ደብተር ተጽፎ ጠላት እጅ ቢገባስ ብለው ነው። «ይቃጠል» አሉ። ቀጥለው «ልጁንስ ምን ላድርገው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ከእኔ ይውሰዱልኝ።»

ከኮረብታው ግርጌ ወደ ሜዳው የተጠጋች የፊት ምሽግ ነበረች። መትረየስ ያንሳታል። ወደዚያ እንዲወርድ አዘዙ። የፊት ምሽግ ምን ማለት እንደሆነ አሥር አለቃ ሆኜ አላውቅም አልልም። አወቅሁ፤ ዝም አልኩ።

ደብተሩን ያቃጠልኩት በእጄ ነው። ላምቤቦ ቆሞ ያያል። ነዶ ሲያልቅ እንዲህ አለኝ፦

«ግድ የለም፣ አሥር አለቃ። ሁሉንም በቃሌ ይዣቸዋለሁ።»

እኔን ማጽናናቱ ነበር። እኔ ግን ይበልጥ ፈራሁት። መትረየሱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ጥይት አቀባዩን ደምሴን አስከትሎ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወረደ። ደምሴ ከኋላው ሲሄድ ዞር ብሎ አየኝ።

አራት ቀን ሙሉ በመነጽር ስጠብቀው ከረምኩ። ጠላት ማዶ አለ፤ እኔ የማየው የራሴን ወታደር ነው። ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የማንን ስም እየጠራ እንደሆነ ከሩቅ አይለይም። ተራው የማን እንደሆነ በጣቴ እቆጥራለሁ፤ ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ አይጠፋም። አንዱም አልተነካም።

በአምስተኛው ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መድፍ ተጀመረ። ሃያ ደቂቃ ቆየ። አንደኛው ግራር ወደቀ። አቧራው ገና ሳይረግብ እግረኛው ሜዳውን ሞልቶ መጣ። ተኮስን። ግራ ክንፋችን ተሰበረ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ኮረብታው አናት እንድናፈገፍግ ታዘዝን። እየተሳብን ወጣን። የፊት ምሽጓ አልወጣችም። የስልክ ሽቦዋ ተበጥሶ ትእዛዙ አልደረሳት ይሆናል፤ ደርሷት ይሆናል። እስከ ዛሬ አላውቅም።

የላምቤቦን መትረየስ ድምፅ እለየዋለሁ። አጭር አጭር ነው የሚተኩሰው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተኮሰ። እኛ አናት ላይ አዲስ ምሽግ ያዝን። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ አሁንም ይተኩሳል። ረዳት ጦር ከጀርባችን ደረሰ። ሦስት ሰዓት ላይ መትረየሱ ዝም አለ። አራት ሰዓት ላይ ጠላት ወደ መጣበት አፈገፈገ።

ወርደን ያገኘናቸው ጎን ለጎን ነው። ደምሴ ጥይቱን እንደያዘ ነበር። የላምቤቦ መጽሐፍ ከደረቱ ሥር ነበር። ከሻምበሉ አሥራ አራት ሰው ሞቷል። ከእኔ ዘጠኝ ሰዎች ሦስቱ ሄዱ፤ ጥላሁን፣ ላምቤቦ፣ ደምሴ። አናት ላይ ከነበርነው ግን፣ እኔና ስድስቱ፣ ደም የነካው አልነበረም። ጸሎት ነው የሚል ይኖራል፤ መትረየስ ነው የሚል ይኖራል። እኔ የማውቀው ያንን መትረየስ ወደዚያ ያስወረድኩት እኔ መሆኔን ነው።

ኮልፌ ስንመለስ መጽሐፉን ለእናቱ ማድረስ የእኔ ፈንታ ሆነ። መርዶው አስቀድሞ ደርሷቸዋል። እማማ ዘነበች ይባላሉ። ቤታቸው ከገበያው ጀርባ፣ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ግድም ነው። ዛሬ ዓለም ባንክ የምትሉት ያኔ ሜዳ ነበር። እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደንብ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ከበሩ ውጪ ሆኜ ሰማሁ፤ ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ ስም እየጠራ ይጸልያል። የእኔን ሰዎች ስም! አንድ በአንድ፣ ከነእናቶቻቸው።

ስገባ ጸጥ አሉ። አንዷ ሴት መጽሐፏን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ሐዘን ላይ ነን፣ ጌታዬ፤ ሌላ ስብሰባ አይደለም» አሉኝ። ልንያዝ ነው ብለዋል። በዕድሜዬ እንደዚያ ተጠርጥሬ አላውቅም።

መጽሐፉን ሳወጣ እማማ ዘነበች አወቁት። ተቀብለው ደረታቸው ላይ አደረጉት።

«አንተ ያ የእናቱን ስም የነፈገው አለቃ ነህ?»

«እንዴት አወቁ?»

«ልጄ ጽፎልን ነበር። የሁሉንም ስም ልኮልን ከታች 'አለቃዬ የእናቱን ስም አልነገረኝም፤ ግን አትተዉት' ብሎ ነበር። እኛም 'ያ የሚፈራው አለቃ' እያልን ስንለምንልህ ከረምን።»

መሄድ እችል ነበር። ማንም አያውቅም። ግን ያ «አትተዉት» የሚል ቃል አላስኬደኝም። «እማማ፣ ወደ ፊት ምሽግ ያስወረድኩት እኔ ነኝ። ጠርጥሬው ነው። ደብተሩንም አቃጠልኩ» አልኳቸው።

እማማ ዘነበች ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ አላዩኝም። ከፊቴ ተቀመጡና ወደ መሬት እያዩ ጠየቁኝ፦

«ስምህ ማን ነው? የእናትህስ?»

የእናቴ ማስጠንቀቂያ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። በዚህ ዓለም በእኔ ላይ የሚደግምብኝ ሰው ቢኖር፣ ከእኚህ ሴት የበለጠ ምክንያት ያለው የለም።

«ለምን ፈለጉት?» አልኳቸው።

«ሳላውቅህ ማንን ይቅር እላለሁ?» አሉ። «ዛሬ ካላልኩ ነገ አልችልም።»

ሌላው እንዳይሰማ ወደ ጆሮአቸው ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው። ሁለቱንም፤ የክርስትና ስሜንም የእናቴንም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ጆሮዬን ጣል አላደረግሁም።

ከዚያ ወዲህ እስከ እርጅና ደርሻለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዳዊቴን ስከፍት የሦስቱን ስም አስገብቼ ነው የማነበው፤ የጥላሁንን፣ የላምቤቦን፣ የደምሴን። ቀጥዬም የእማማ ዘነበችን። ቤቴል ያሉ የልጅ ልጆቼ የክርስትና ስሜን እየጠየቁ ይነዘንዙኛል። አልነግራቸውም፤ እናንተም ከዚህ ጽሑፍ አትጠብቁት። ከእናቴና ከንስሐ አባቴ ሌላ ያወቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ልጃቸውን ያስገደልኩባቸው እናት።