ጋሽ ማንደፍሮ ንጋት ላይ ደረጃ ሲወጡ

ኤዶም ድራማ መጻፍ የጀመረችው ሆላንድ አገር ሮተርዳም፣ አንዲት ትንሽ የወንጌላውያን ጉባኤ ውስጥ ነው። ለገና ጻፊ ተባለች፤ ጻፈች። ሄሮድስን የሚያስቅ ሰው ስላደረገችው ሽማግሌዎቹ ግማሹን ቆርጠው መለሱላት። በዓመቱ ሌላ ተውኔት ይዛ ዘ ሄግ አዳራሽ ተከራየች። ቀጥሎ መድረኩ ጠበባትና ወደ ፊልም ዞረች። ደራሲም፣ አዘጋጅም፣ ፕሮዲውሰርም ራሷ ናት፤ ሌላ ማን አለ? የቀን ሥራዋ ዴልፍት ውስጥ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረች አቅመ ደካሞችን ታጥባለች፣ ታለብሳለች። የምትጽፈው ትራም ውስጥ፣ ባዶ ወንበር እያለ ቆማ ነው።

«ከተቀመጥኩ ገጸ ባሕርያቱም ይቀመጡብኛል» ትላለች።

ሦስተኛው ፊልም ግን አላላውስ አላት። ታሪኩ ልጇ አገር ቤት የሞተባት እናት ነው፤ ወገቡ ደግሞ መርዶው። አምስተርዳም ፊልም የሚደግፍ መሥሪያ ቤት አለ፤ እዚያ ያለች አማካሪ ጽሑፉን አንብባ በትሕትና ጠየቀቻት። «ለምን አይደውሉላትም?»

ኤዶም ለማስረዳት ሞከረች። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን እያለ አይነገርም። ጥቁር የለበሱ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ፣ ሥራ ሳይሄድ ይደርሱበታል፤ ሲወድቅ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

«እንግዲያው ቀርፀሽ አሳዪኝ፤ እስከ ዓርብ» አለች አማካሪዋ። ካልደረሰ ፊልሙ ቀረ ማለት ነው።

እናቲቱን የሚሠራ ሰው ጠፋ። በሁለቱም ፊልሞቿ ላይ የተወነችው ሊድያ እንኳ እምቢ አለች።

«ኤዱዬ፣ ስካር በይኝ፣ ፍቺ በይኝ፣ እብደት በይኝ፣ እሠራልሻለሁ። እኔ የወለድኩ ሰው ነኝ፤ በአፌ አላሟርትም።»

መርዶ ነጋሪማ ሞልቷል። ኤዶም ከሁሉ የሚሻሉትን ጋሽ ማንደፍሮን መረጠች፤ ስህተቷም እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው በእውነተኛው ኑሮም የዘ ሄግ ሐበሻ መርዶ ነጋሪ ናቸው። እሳቸው ንጋት ላይ ጥቁር ለብሰው ደረጃ ከወጡ፣ የሆነ ሰው ሞቷል።

እናቲቱን ራሷ ልትሠራ ወስና ሐሙስ ንጋት ዘ ሄግ ሙርዋይክ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ካለው ቤቷ ጠበቀቻቸው። ካሜራውን የያዘው ቃልአብ፣ እዚያው ከተማ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር ያደገው ልጅ፣ ደረጃው ላይ ቆሟል።

«ማንደፍሮ፣ ከታች ጀምር። ቀስ ብለህ ውጣ።»

«አንተ ጎረምሳ፣ ዕድሜዬን ስወጣው የኖርኩትን ደረጃ ልታስተምረኝ ነው? ደግሞ ጋሽ በል!»

ጋሽ ማንደፍሮና አብረዋቸው መርዶ የሚነግሩት ሁለት ሽማግሌዎች ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ የወይዘሮ ጥሩአየሁ በር ተከፈተ። ወይዘሮዋ ቢሮ ያጸዳሉ፤ ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ሥራ መውጣታቸው ነው። ልጃቸው ኡራኤል ለእረፍት አገር ቤት ሄዷል። ሰዎቹን አዩ፤ ልብሳቸውን አዩ።

«ኡራኤል?» አሉ።

ጋሽ ማንደፍሮ በልማድ አንገታቸውን ደፉ።

በቃ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ደረታቸውን እየደቁ ወደቁ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም እንደ ወትሯቸው ግራና ቀኝ ያዟቸው። ኤዶም በባዶ እግሯ ወረደች።

«ፊልም ነው! እትዬ ጥሩአየሁ፣ ፊልም ነው!»

ማን ይመናት? ልጁ ጋ ተደወለ። ከእንቅልፉ ተነሥቶ «እማዬ፣ ምነው?» አለ።

«ተናገር! ደግመህ ተናገር!»

«ምን ልናገር?»

«ስድብም ቢሆን!»

ሳቁ ከስልኩ ሲሰማ ወይዘሮዋ ተነሡ፤ አንድ ጫማቸውን አወለቁና ጋሽ ማንደፍሮን ትከሻቸው ላይ አሳረፉባቸው።

«እርስዎ ሰውዬ፣ ደህና ነው አይሉኝም? ምነው አንገትዎን ደፉብኝ?»

«ለምዶብኝ ነው፣ እመቤቴ… ለምዶብኝ።»

ቃልአብ ኤዶምን ወደ ጥግ ሳባት። «ሁሉንም ይዤዋለሁ። ድምፁ ራሱ ንጹሕ ነው። ይህንን ማንም አይሠራልሽም።»

እውነቱን ነው። ኤዶም ያን ቀን ዴልፍት ውስጥ የአንዱን አዛውንት ሹራብ ገልብጣ አለበሰች፤ የሌላዋን ሻይ አፍልታ ረስታው ወጣች። እረፍት ባገኘች ቁጥር ምስሉን ከፍታ ታያለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትከፍታለች። ለብዙ ጊዜ ስትጽፍና ስትሰርዝ የከረመችው ነገር ይኸው፣ አንድም ቃል ሳይጎድለው። ከሥራ እንደተመለሰች ሁለተኛ ፎቅ አንኳኳች።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት።

«እኔ ነኝ እንዲህ የጮኽኩት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«አጥፊው።»

«የልጁን ስም እቆርጠዋለሁ፣ ፊትዎንም…»

«ስሙን ቆረጥሽ፤ ልቅሶው የማን ይሁን? ልጄ በሕይወቱ ተቀምጦ ልቅሶውን ይይ? አጥፊው አልኩሽ፣ ልጄ።»

ኤዶም እዚያው፣ እሳቸው እያዩ፣ አጠፋችው። ቃልአብ ጋ ያለውንም ደውላ አስጠፋች። ስልኩን ሳትዘጋ «ነገ ንጋት እንደገና እንቀርጻለን፤ እናቲቱ ግን አትታይም» አለችው።

ዓርብ ካሜራው ቤት ውስጥ ገባ። በሕንጻው ያለ ሐበሻ ሁሉ አስቀድሞ ተነግሮታል። የሚታየው የተዘጋ በር ብቻ ነው። ኮቴ ደረጃውን ይወጣል፤ ይቆማል። በሩ ይንኳኳል። የሴት እጅ መጥቶ እጀታው ላይ ያርፋል፤ አይከፍትም። እጁ የኤዶም ነው። ከበሩ ማዶ አንድ ሽማግሌ ሳለ።

«ስቶፕ» አለ ቃልአብ። እጇን አላነሣችም። «ኤዶም፣ ስቶፕ ብያለሁ እኮ!»

ከውጭ የጋሽ ማንደፍሮ ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ ትከፍቺያለሽ ወይስ እንሂድ? ሰውም ሥራ አለው!»

ወደ አምስተርዳም የላከችው ይህንኑ ነው፤ ሳሉንም፣ «ሰውም ሥራ አለው» የሚለውንም ሳትቆርጥ።