ልጄ የተቀመጠባቸው ቦታዎች

ልጄ ቀያሽ ነበር። መንገድ ሳይሠራ፣ ግድብ ሳይገደብ ቀድሞ ሄዶ መሬቱን የሚለካ ሰው። አርባው በወጣ ማግስት የሥራ ጓደኛው በእጅ የሚያዘውን ጂፒኤሱን አመጣልኝ። የድሮ ሞባይል የሚያህል፣ ጎማ የለበሰ፣ ጥጉ የተፋፋቀ ዕቃ ነው። ሰው ይዞት ሲሄድ የረገጠውን ቦታ ሁሉ እየመዘገበ ይከተለዋል።

«እማማ፣ ሰፈራችሁ ከመፍረሱ በፊት የዞረው ዙር እዚህ ውስጥ አለ። አላጠፋውም» አለኝ።

ያን ዙር አስታውሰዋለሁ። ፒያሳ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሽቅብ ያለው ሰፈራችን እንደሚነሳ ሲነገረን፣ ልጄ የየሰዉን በር እየዞረ ሊመዘግብ ተነሳ። ነገ ማን የት እንደነበረ የሚያውቅ እንዳይጠፋ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ በር ላይ ይዤ አስጠነቀቅሁት፤ «የባለቤቶቹን በር ብቻ ይዘህ እንዳትመጣ። ከጓሮ ያሉት ተከራዮችም፣ ቆሎ ሻጯም ሰው ናቸው።»

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ስታካፍል ማንንም አትዝለል የሚለውን ግን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። ቤቴ አንድ ብርቱካን ከገባ ተልጦ ለሁሉም ይታደላል። ሕመምም እንደዚያው ነው፤ አንዱን ያመመው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም አብረን እንነጫነጫለን።

ሰፈሩ ፈረሰ። እኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ጎረቤቶቼ በየአቅጣጫው ተበተኑ። ብዙም ሳይቆይ ልጄ አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ። ልብ ነው አሉን። ድንገት ነው አሉን። እኔም ድንገት ነው ብዬ አለቀስኩ።

ዙሩን ማየት አለብኝ አልኩ። ልጄ ሰፈሬ ውስጥ ሲሄድ ዳግመኛ የማየው በዚያ ብቻ ነበርና።

ከጓደኛው ጋር ፒያሳ ውስጥ ካልፈረሱት ኬክ ቤቶች በአንዱ ተቀጣጠርን። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ ኬክ አዘዝኩለት።

«ብላ።»

«እማማ፣ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«የት? ሚስት የለህ።»

«ኧረ እማማ! ላፕቶፑ ሳይከፈት ትዳር ውስጥ ገቡ?»

በገመድ ጂፒኤሱን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ጠበቅሁ። ምንም የለም።

«ታዲያ ልጄ የታለ?»

«ጂፒኤሱ በራሱ ቋንቋ ነው ያስቀመጠው። የካርታው ፕሮግራም ያንን አያነብም። መጀመሪያ ፋይሉን መለወጥ አለብኝ።»

«ለውጠዋ! አስተርጓሚ ነው የጠፋው?»

ለወጠው። ከላይ የተነሳ የከተማው ፎቶ መጣ፤ ፎቶው ላይ ቀይ መስመር ወጣ። መስመሩ ግን ከድልድዩ ወዲያ፣ በማላውቀው ሰፈር ጣሪያ ላይ ይሄዳል።

«ልጄ በሰው ጣሪያ ላይ አይሄድም» አልኩ።

ግንባሩን መታ። «ውይ! አዲንዳንን ረስቼ!» የሀገራችን ቀያሾች መሬት የሚለኩበት የቆየ መነሻ አለ አለኝ፤ ስሙ አዲንዳን ነው። ካርታው ደግሞ የዓለሙን መነሻ ይከተላል። በየትኛው እንደተለካ ለፕሮግራሙ ካልነገሩት ሁሉንም ነገር ከቦታው ወደ ጎን ይጥለዋል። እንደገና ለወጠው። መስመሩ በአንድ ጊዜ ተነስቶ ቦታው ላይ አረፈ።

ቦታው ላይ ያለው ሰፊ አስፋልትና ሣር ነው። ዓይኔን መለስኩ። እሱም ነገሩ ገብቶት የድሮውን ፎቶ ፈልጎ አመጣልኝ። ዝገት፣ ዝገት፣ ዝገት። ከእኛ ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ የተጠገነችው ጥግ ብቻ ታበራለች።

መስመሩ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። በየቦታው እንደተተበተበ ክር ተቋጥሯል።

«ይሄ ቆሻሻ ነው» አለኝ። «ሰውየው ሲቆም መሣሪያው ማረፍ አያውቅም። ትንሽ ትንሽ እየሳተ፣ የቆመውን ሰው እንደተንቀሳቀሰ አድርጎ ይሞነጫጭራል። ሁልጊዜ እናጸዳዋለን። ላጽዳው?»

«እጅህን አንሳ!»

የእኛን ሰፈር በር ሰላም ሳይል የሚያልፍ የለም። ሰላምታውም በአንድ ቃል አያልቅም፤ ልጆቹ፣ ጉልበቱ፣ የሟች ዓመት ሁሉ ይጠየቃል። ስለዚህ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ይህ ቋጠሮ የልብስ ሰፊው በር ነው። ይህ የቆሎ ሻጯ። ወደ ጓሮ ገባ፤ በእያንዳንዱ ተከራይ በር ቆሟል። አንድም አልዘለለም። ደስ አለኝ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ደስ ያለኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ፤ ከድልድዩ ወደ ሰፈራችን ወደሚያወጣው ዳገት። እዚያም ቋጠሮዎች አሉ። ከአንዱ አንዱ ቅርብ ነው።

«እዚህ ጋ ምን ሆኖ ቆመ? ይሄ እኮ የመጋዘኑ ግንብ ነው። በር የለውም። ሽንት ከሚሸኑ ሰካራሞች በቀር ማንም አይቆምበትም።»

ጓደኛው ማኪያቶውን ያማስል ጀመር። ብርጭቆው ባዶ ነበር።

ጣቴን ወደ መጨረሻው ወሰድኩት። ትልቁ ቋጠሮ ያለው ከበራችን ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከመታጠፊያው ወዲህ ነው። እኔ ከበሬ ሆኜ የማላየው ቦታ። ያን ቀን እየሳቀ ነበር የገባው። «እማዬ፣ ሰፈርሽን በሙሉ ሳምኩልሽ! ያልተሳመ የቆሎ ሻጯ ድመት ብቻ ናት!» ብሎኝ ነበር። ያን ሳቅ ይዞልኝ ለመግባት ትንፋሹ እስኪመለስ እዚያ ተቀምጧል።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«እማማ...»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ!»

«አዎ። የልብ መድኃኒቱን ቢሮ ነበር የሚያስቀምጠው። ለእማዬ ብትነግራት ዓይንህን አላየውም ብሎ አስማለኝ። ሊያስጨንቅዎት አልፈለገም።»

«ጭንቀቱ የእኔ ነበር! እኔ የወገቤን፣ የጥርሴን፣ የእንቅልፌን ማጣት አንድም ሳልደብቅ አካፍዬዋለሁ። እሱ የራሱን ለአንተ ሰጥቶ እኔን ዘለለኝ። ተከራይ ያልዘለለ ልጅ እናቱን ይዘላል?»

የኬክ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጓደኛው አለቀሰ። ኬኩን አልነካውም፤ እኔም ብላ አላልኩትም።

ጂፒኤሱ ውስጥ ባትሪ ድንጋይ አስገባልኝና በክሩ አንገቴ ላይ አንጠልጥልልኝ አልኩት። ሰማይ ካላየ አይመዘግብም ብሎ ከነጠላዬ በላይ አደረገልኝ። ወደ ድልድዩ ወረድን፤ ከዚያ ዳገቱን ያዝን። እሱ ከኋላዬ እየተከተለ፣ ግንቡ የነበረበት ጋ ስንደርስ «እዚህ» አለኝ። የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ ጥበቃ መጣ። «እማማ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም። ከፍ ብሎ ወንበር አለልዎት።»

«ወንበሩ ላይ ልጄ አልተቀመጠም።»

ጥበቃው ጓደኛውን አየ። እኔ አልተነሳሁም። ጂፒኤሱ ደረቴ ላይ ሆኖ፣ ንቅንቅ ሳልል፣ የእኔን ቋጠሮ ይሞነጫጭር ነበር።