የራቢያ የልብ ምት

ከአሰላ ወደ ናዝሬት የሚወርደው አውቶቡስ ኢተያ ላይ ጎማው ተነፈሰና ሾፌሩ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ። መምህር አሰግድ ከተሳፋሪው ጋር ወርዶ አንድ የእህል መደብር ጥላ ሥር ቆመ። ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት ጆንያ ላይ ተቀምጣ በጣቷ እየጠቆመች ኩሊዎቹን ታዛለች። ራሷ አንዲት ቁና እንኳ አታነሳም።

ቀና ስትል አየችው። «ጋሼ አሰግድ! የስፖርት አስተማሪዬ!»

በድምፅዋ አወቃት። ራቢያ ሀሰኖ ነበረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አሰግድ ድሮውንም የስፖርት ሰው አልነበረም። በስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ከደብረ ብርሃን ወደ አርሲ የተመደበው ታሪክ ሊያስተምር ነው። የስፖርቱ መምህር ሲዛወር ዳይሬክተሩ እግሩን አዩና፣ «ሸራ ጫማ ያለህ አንተ ብቻ ነህ፤ ስፖርቱን ያዝልን» አሉት። እየሳቀ ያዘ። ይሁን እንጂ ልጆች በሜዳ ላይ ማሯሯጥ ብቻ ክብሩን የሚነካ መሰለው። ከየትም ብሎ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አገኘና ስለ ጡንቻው፣ ስለ ሳንባው፣ ስለ ልቡ ሰሌዳ ሙሉ መጻፍ ጀመረ። «ስፖርት ሳይንስ ነው!» ይል ነበር ጠመኔውን እያወዛወዘ።

በሰባ ዓመተ ምሕረት አንድ ጠዋት አሥረኛ ክፍሎችን ሁለት ጣታቸውን የእጃቸው አንጓ ላይ አስደርጎ፣ ሰዓቱን ይዞ የልብ ምታቸውን አስቆጠረ። «ሰባ!» «ሰባ ስድስት!» «ሰማንያ ሁለት!» እያሉ በየተራ ተናገሩ። የራቢያ ተራ ደረሰ።

«አርባ አራት።»

«ይቺማ ሞታለች! ቀብር እንውጣ!» አለ ሁሴኖ የሚባለው ቀልደኛ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አሰግድ ራሱ ቆጠረ። አርባ አራት። ደገመ። ያው ነው። መጽሐፉ ደግሞ የጤነኛ ሰው ልብ ከስልሳ አይወርድም ይላል። ልጅቷ ከጭላሎ ሥር ካለው መንደሯ ሌላው ሁለት ሰዓት የሚሄደውን መንገድ በየቀኑ እየሮጠች ትመጣለች። ወንዶቹን ሳይቀር ትቀድማለች። በሳምንቱም ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ምርጫ ልትሮጥ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቀ ያመነው መጽሐፉን ነው። የከተማው ሆስፒታል ቅርብ ነበር፤ ሄዶ መጠየቅ ግን አላውቅም ማለት ሆነበት። «ልቧ ደካማ ስለሆነ ከሩጫና ከረጅም መንገድ ትከልከል» ብሎ ጻፈና ማኅተም አስመትቶ ለአባቷ ላከ።

አባቷ ማንበብ አይችሉም፣ ማኅተም ግን ያውቃሉ። በሰው አስነበቡት። የትምህርት ቤቱ መንገድ ራሱ ረጅም መንገድ ነውና ራቢያ በዚያው ከትምህርት ቀረች።

ከአራት ዓመት በኋላ አሰግድ ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሄደ። አንድ ሐኪም ሲያስተምር፣ «ብዙ የሚሮጥ ሰው ልቡ ይጠነክራል፤ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ ምቱ ያንሳል። አርባ አምስት የሚመታ ጤነኛ ተማሪ ካገኛችሁ እንዳትለቁት» አለ። ሰው ሁሉ ሲጽፍ አሰግድ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሲመለስ ሄዶ ሊነግራት ቆርጦ ነበር። መጀመሪያ ዝናብ ነው አለ፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ስብሰባ። እንዲህ ሲል ስድስት ዓመት ሄደ።

«አላህ ይስጥልኝ ጋሼ» አለች አሁን ራቢያ እጁን ይዛ። «እስከ ዛሬ የቆየሁት በእርስዎ ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ውኃ ቀድቼ አላውቅ፣ ዳገት ወጥቼ አላውቅ። ልጄም እንደኔ እንዳትሆን እጠብቃታለሁ።» ወዲያው ዞር ብላ ጮኸች፤ «አንቺ! አትዝለዪ! ልብሽን!»

ከጆንያ ጆንያ ስትዘል የነበረች የሰባት ዓመት ልጅ ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች።

ስድብ ቢሆን በቻለው። ምስጋናው ግን ፊቱን እንደ እሳት ለበለበው።

«ራቢያ፣ አልታመምሽም ነበር» አለ። «ልብሽ ቀስ ይል የነበረው ከሩጫው ስለጠነከረ ነው። ያላወቅሁት እኔ ነኝ። ካወቅሁም ስድስት ዓመቴ ነው፤ አፍሬ ነው የቀረሁት።»

«ስድስት ዓመት?»

ከአሥሩ ዓመት ስድስቱን ነጥላ መጠየቋ አንገቱን አስደፋው። እሷ ደግሞ እሱ እንዳስተማራት ሁለት ጣቷን አንጓዋ ላይ አድርጋ፣ የሱን ሰዓት እያየች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥር ጀመር። ኩሊዎቹ ሥራ ፈተው ያዩዋታል።

«ሰባ ስምንት» አለች። «አሁንስ እንደ ሰው ሆኛለሁ።»

ጎማው የተጠገነለት አውቶቡስ ጥሩምባ ነፋ፤ አሰግድ እግሩን እየጎተተ ወጥቶ ተቀመጠ። ራቢያ ልጅቷን በእጇ ይዛ መስኮቱ ድረስ ተከተለችው።

«ጋሼ፣ ሌላ ወረቀት ይጻፉልኝ» አለች። «አባቴ የድሮውን እስከ ዛሬ ሳጥናቸው ውስጥ አኑረውታል። ማኅተም ማስመታቱን እንዳይረሱ።»