የዋልካው ግድግዳ

በደርግ ዘመን «በፈቃደኝነት» እየተባለ ስንቱ ሰው ተገዶ ሄዷል። እኔን ግን ማንም አላስገደደኝም። ሞጣ ላይ አስተማሪ ነበርኩ፤ አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ እጄ ከጠመኔና ከሜትር በቀር ሌላ ነገር ጨብጦ አያውቅም። ክረምት ሲገባ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቆርቆሮ ስለጠፋ መምህራን ወደ ብቸና ገጠር ወርደው በእንጨት፣ በጭቃና በሣር ቤት መሥራትን «ከሰፊው ሕዝብ ይማሩ»፤ የተማሩትንም ለገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ በመሥራት ያሳዩ ይላል። የሄደ ሰው ለከፍተኛ ትምህርት ሲታጭ ይታሰብለታል ተብሎም ተወራ። ስሜን ከሁሉ ቀድሜ ያስመዘገብኩት ለዚህች ወሬ ስል ነው።

አብሮኝ የሄደው የሒሳብ አስተማሪ የሆነ ባልደረባዬ ነበር። ስለ ግንባታ የሚያትት አንድ የተባዛ ጽሑፍ በብብቱ ይዞ፣ ገበሬውን እሱ ሊያስተምረው የሄደ ይመስል ነበር።

ያሳረፉን ከብቸና የሁለት ሰዓት እግር መንገድ ርቀው ከሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ነው። በጉብዝናቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ትተው ወደ ሞፈር የተመለሱ ሰው ናቸው።

«አባት፣ ቤት መሥራት ልንማር ነው የመጣን» አልኳቸው።

«በሐምሌ?»

«በሐምሌ።»

ዝናቡን አየት አድርገው፣ «ልጄ፣ በሐምሌ ጎጆ የሚቀልስ የጅብ ጥላ ብቻ ነው» አሉኝ።

ባልደረባዬ አልገባውም። እኔ እንጉዳዩን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ ጅቡ ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

ያም ሆኖ አስተማሩን። የማድ ቤታቸው አንድ ግድግዳ ፈርሶ ነበር፤ ጣራው ስላለ ዝናብ አያገኘውም። ቀይ አፈር ከዳገቱ በቅርጫት ተሸከምን፤ የጤፍ ጭድ ጨምረን በእግራችን ረገጥነው። አለቀ ስንል፣ ይሰንብት አሉ። በሳምንቱ ሲከፈት ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«ይሄ በስብሷል» አለ ባልደረባዬ።

«ሲሸት ነው የሚይዘው» አሉት። «ያልሸተተ ጭቃ ላይ ላዩን ነው የሚለጠፍ።»

ባልደረባዬ ጽሑፉን ገለጠ፤ ስለ ሽታ የሚል የለውም። ስለዚህ ሽማግሌው ተሳስተዋል።

እናታችን የምንላቸው የቤቱ እመቤት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበራቸው። እኔ እስላም ነኝ፣ እነሱ ክርስቲያን፤ ሥጋችን አይገናኝም። ያ ወቅት ደግሞ ጎተራው የሚራቆትበት፣ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ያለበት ነው። እናታችን ግን አልተጨነቁም። «ቅጠል ሃይማኖት የለውም፤ ና ተከተለኝ» ብለው ወደ ወንዙ ዳር ይዘውኝ ወረዱ። አሉማ ከሚሉት የዱር ጎመን የትኛው ለወጥ እንደሚሆን፣ የትኛው መርዝ እንደሆነ፣ ሳማው ሳያብብ ጫፍ ጫፉ ብቻ እንደሚቀጠፍ አሳዩኝ። እሳቸው በተሰነጠቀ ሸንበቆ ቆንጠጥ እያደረጉ ይለቅማሉ። ባልደረባዬ ሳማ ጠበቅ አድርገው ከያዙት አይለበልብም ብሎ በባዶ እጁ ጨበጠው። ሁለት ቀን ብዕር መያዝ አልቻለም፤ ሁለት ቀን ሙሉ እሱ ከሚጽፈው ሪፖርት አረፍን።

ወሩ ሲጋመስ የአውራጃው ካድሬ ከብቸና መጣ፤ የሽማግሌው ጅብ ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ቦት ጫማው ያበራል። አዳራሹ የሚሠራበትን ቦታ የመረጠው እሱ ነው፤ መኪና ሲያልፍ እንዲታይ ከመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ።

«ጌታዬ፣ ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲያይ ይሰነጠቃል። ለማሳ እንጂ ለቤት አይሆንም። ለግድግዳው ቀዩን ከዳገቱ እናምጣ። ሣሩም ኅዳር ላይ ይታጨዳል፤ ያኔ መጀመሪያ ጣራው ይከደን፣ ምርጊቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።»

«አባት፣ አፈርንም በቀለም ትለያያላችሁ እንዴ?» አለ ካድሬው።

ሰው ሳቀ። ከሁሉ አስበልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ካድሬው ሲያየኝ ደስ አለኝ።

አዳራሹ በአሥራ ሁለት ቀን ቆመ። ገበሬዎቹ አረማቸውን ጥለው እየመጡ ማገር አሰሩ። ጭቃው ሳይሰነብት ተመረገ፤ የሣር ክዳን በሌለበት ሸራ ተወጠረ። ባልደረባዬ የግድግዳውን ስፋት አስልቶ ጻፈ፤ ስሌቱ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ለምረቃው እንግዶች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ጠዋት ላይ ሸራው ያቆረው ውሃ ተገለበጠና የመንገዱ ወገን ግድግዳ እንደ ገንፎ ተንሸራቶ ወረደ። መፈክሩ የተጻፈበት ጨርቅ ጭቃው ውስጥ ተቀበረ። ሰው አልተጎዳም።

ካድሬው ምክንያት ያስፈልገው ነበር። «የአድኃሪ እጅ አለበት» አለ። ሽማግሌው ተጠሩ።

«ግድግዳው ለምን ወደቀ?»

«ግድግዳ መች ሠሩ?» አሉ። «ግዳጅ ነው የሠሩ።»

ለዚህች ቃል በማኅበሩ የእህል መጋዘን ውስጥ ተቆለፈባቸው። «አፈሩን የመረጠው እሱ ነው» የሚል ወረቀት ተዘጋጀ። ባልደረባዬ በዳነው እጁ ፈረመ። ብዕሩ ወደ እኔ ሲዞር ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ወጣሁ። አልፈረምኩም፤ ስለዚህ አልዋሸሁም አልኩ፤ እውነቱንም አልተናገርክም የሚለኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ፈሪ ሰው ሆድ ቁርጠቱን እንደ ጀግንነት ይቆጥረዋል፤ እኔም ያን ቀን እስከ ቀትር ድረስ ራሴን ሳደንቅ ቆየሁ።

ቀትር ላይ እናታችን ምሳ ይዘው መጡ። ለጠባቂው የባላቸውን ድርሻ ሰጡና ወደ ተቀመጥኩበት ዞር አሉ። በቅጠል የተጠቀለለ ሌላ እንጀራ አወጡ፤ የሳማ ወጥ።

«አንተም አልበላህ» አሉኝ። «ሥጋ አልነካውም፤ ድስቱም የብቻው ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንጀራውን በቅጠሉ መልሼ ጠቀለልኩት። ተነስቼ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዘንድ ሄድኩ።

«አፈሩን የመረጥነው እኛ ነን» አልኩት። «ሽማግሌው ከልክለው ነበር። ሁላችንም ሰምተናል።»

«እኔስ አልሰማሁም መሰለህ?» አለኝ። «አንድ የተማረ ሰው እንዲናገረው ስጠብቅ ነው የዋልኩት።»

የራሱም ማሳ በአረም እየተበላሸ ስለነበር ሌላ አልጠየቀም፤ ቃሌን በወረቀት አስፍሮ አስፈረመኝና በማግስቱ ፈታቸው። ካድሬው ሪፖርቱ ላይ ጥፋቱን ለዝናቡ ሰጠው። ዝናብን የሚያስር ስላልተገኘ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ባልደረባዬ ለከፍተኛ ትምህርት ታጨ። እኔ «ንቃቱ ያልዳበረ» የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ ሞጣ ወደ ጥቁር ሰሌዳዬ ተመለስኩ።

በጋው ሲገባ ሽማግሌውና ጎረቤቶቻቸው አዳራሹን ከዳገቱ ሥር ሠሩት፤ ሣሩ ደርቆ፣ ጭቃው ሰንብቶ፣ ማንም ሳያዝዛቸው። መጋቢት ላይ ለምረቃው እኛም ተጠራን። ካድሬው ሪባን ቆረጠና የመምህራንን ፈቃደኝነት እያወደሰ ረጅም ንግግር አደረገ። ሠሪዎቹ አንዳቸውም አልነበሩም። ጭብጨባው ሳያልቅ ወጥቼ ማሳቸው ድረስ ሄድኩ። ሽማግሌው ያርሳሉ።

«ተመረቀ?» አሉኝ በሬዎቹን ሳያቆሙ።

«ተመረቀ።»

«በል እንግዲህ፣ ከፊት ከፊቴ ድንጋዩን ልቀምልኝ፤ ማረሻዬን ሊሰብርብኝ ነው።»

ጫማዬን አውልቄ፣ ኮቴን ድንበሩ ላይ ጥዬ፣ እስኪመሽ ድንጋይ ስለቅም ዋልኩ።