ትርሲትና ወንድሜነህ ሊዝበን ላይ የተደዋወሉ ዕለት

ወንድሜነህና ትርሲት ከተጋቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሁለቱም ነቅተው አብረው ያሳለፉት ጊዜ ተሰብስቦ ቢታይ ግን ብዙም አይሆንም። እሱ ታክሲ ነጂ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ከሜሪላንድ ማዶ አሌክሳንድሪያ ካለው ቤታቸው ተነስቶ ኤርፖርት ይሰለፋል። እሷ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናይት ሺፍት ትሠራለች። እሷ ስትገባ እሱ ወጥቷል፤ እሱ ሲገባ እሷ ጫማዋን እያሰረች ነው። አንዳንድ ጠዋት ሰው ጭኖ ወደ ሜሪላንድ ሲወጣ ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ በተቃራኒ መስመር ይተላለፋሉ። መብራት ያበራላታል፣ ታበራለታለች።

«እሱ ይሁን ሌላ ሰው እንኳ አላውቅም» አለችኝ ጓደኛዬ ትርሲት። «ብቻ ያበራልኝን ሁሉ እመልሳለሁ።»

የሚያወሩት በስልክ ነው። እሱ ሰልፍ ላይ ተራውን እየጠበቀ ይደውላል፣ እሷ በሥራ መሃል ብሬኳ ታነሳለች። ልጆች ያሳደጉት፣ ቤት የገዙት፣ የተኳረፉትና የታረቁትም በዚሁ ነው።

ባለፈው መስከረም አለቃዋ ለትርሲት የቀን ሺፍት ሰጣት። ሌላ ሰው ቢሆን ድግስ ይደግሳል። እሷ «ላስብበት» አለች። «እሺ፣ ከቬኬሽን ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ» ተባለች።

«ምኑን ነው የምታስቢበት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ማታ ማታ ተፋጠን ቁጭ ስንል ምን እናወራለን? ከስልክ ውጪ እኮ ይሄን ሰውዬ አላውቀውም።»

ቬኬሽኑን ያዘጋጀችላቸው ልጃቸው ቤዛዊት ናት። ሊዝበንን የመረጠችው ዘመድ የሌለበት ከተማ ፈልጋ ነው። ሮም አክስት አለች፣ ፍራንክፈርት አበልጅ አለ። «ጀስት ሪላክስ፣ ማሚ» ብላ ሸኘቻቸው። ትርሲት ግን የሄደችው ለፈተና ነው። አንድ ሙሉ ቀን ከባሏ ጋር ትውላለች፤ ወሬ ከተገኘ የቀን ሺፍቱን ትቀበላለች፣ ካልተገኘ እንደ ድሮው። ለሱ አልነገረችውም።

ጠዋት ወጡ። ከተማው ሁሉ ዳገት ነው፤ የእግረኛው መንገድ ነጭ ኮብልስቶን፣ ያውም የሚያንሸራትት።

«ቆንጆ ነው» አለ ወንድሜነህ።

«ቆንጆ ነው» አለች።

ግድግዳቸው በሰማያዊ ሸክላ የተለበጠ ቤቶች አዩ። እነሱም ቆንጆ ነበሩ። ካፌ ገብተው ከላዩ አረር ያለ የእንቁላል ኬክ በሉ። ትርሲት ሁለተኛውን ስትጨርስ ትዝ አላት።

«ረቡዕ ነው ለካ።»

«መንገደኛ አይጾምም።»

«ማን አለ?»

«ይባላል።»

እስከ ምሳ ድረስ ከዚህ የረዘመ ወሬ አልተገኘም። ወንድሜነህ የታክሲ ሰልፍ ባየ ቁጥር እየቆመ «ይሄ ሰልፍ አይነቃነቅም» ይላል። ትርሲት ልቧ የናይት ሺፍት ዩኒፎርሟን ማጠብ ጀምሯል።

ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ሲሰለቻቸው ቢጫውን ትራም ሊሳፈሩ ተሰለፉ። እሷ ገባች። እሱ ሊከተላት ሲል አንዲት አሮጊት ከሻንጣቸው ጋር ሲታገሉ አየ። ወንድሜነህ የሰው ሻንጣ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ የሥራ ነገር ነው። ሻንጣውን አነሳ፣ ጫነ፣ አሮጊቷን ደግፎ አሳፈረ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። በሩ ተዘጋ። እጁን አውለብልቦ ሸኛቸው። ሚስቱም እንደተሳፈረች ትዝ ያለው ትራሙ ከታጠፈ በኋላ ነው።

ደወለ።

«ሴትዮዋ ተመቻቸው?» አላት።

«አጠገቤ ናቸው። ሻንጣቸው እግሬ ላይ ነው።»

«ከባድ ነው አይደል? ምን ይዘው ይሆን?»

«ድንች ይመስለኛል።»

«ድንች በሻንጣ?»

«እናትህ ሽሮውን በምን ነበር ያመጡት?»

ሳቀ። ሀዲዱን ተከትሎ ዳገቱን መውጣት ጀመረ። እሷ በመስኮት የምታየውን ነገረችው፤ ትራሙ ከቤቶቹ ከመጠጋቱ የተነሳ አንድ ሰውዬ ጢሙን ሲላጭ አይታለች፣ ጉንጩን ቆርጧል። እሱ የእናቱን ሽሮ ጉምሩክ ላይ ያሸተተውን ውሻ አነሳ። ከዚያ ውሻ ወደ ወንድሟ ውሻ ተሻገሩ፤ ከዚያ ወንድሟ ራሱ ታማ፤ ከዚያ የቤዛዊት ጓደኛ ጺም።

«ጠዋት አኩርፈሽኝ ነበር?» አላት እያለከለከ።

«ወሬ ጠፍቶኝ ነው።»

«እኔም ጠፍቶኝ ነበር። አሁን ከየት መጣ?»

«እኔንጃ። ስልኩ ውስጥ ነበር መሰለኝ።» ቀጠል አድርጋ «የቀን ሺፍት ሰጥተውኛል» አለችው።

«መቼ?»

«ሰነበተ።»

«ታዲያ ምነው ደበቅሽኝ?»

«ማታ ማታ ምን እናወራለን ብዬ።»

የወንድሜነህ የእግሩ ድምፅ ቆመ። ያሰበ ይሁን የደከመው አልገባትም።

«ማታ ማታ እደውልልሻለሁ» አላት።

ትርሲት የከተማው ወንዝ ቁልጭ ብሎ በሚታይበት ኮረብታ ላይ ወርዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቀችው። በላብ ተጠምቆ ብቅ ሲል ተያዩ። ስልኩን ማንም አልዘጋም። መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ፊቱን ወደ ወንዙ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የወንድሟን ነገር ካቆመበት ቀጠለ።

ትርሲት የቀን ሺፍቱን ተቀብላለች። ባለፈው እሑድ ለእራት ጠርታኝ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ነበር። ወጡን እያማሰለች ሳለ ስልኳ ጠራ።

«ማነው?» አልኳት።

«ወንድሜነህ ነው። መጥቷል።»

በመስኮት ሳይ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ውስጡ ተቀምጧል፤ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው።

«እራቱ ሳይበርድ ይግባ እንጂ» አልኳት።

ስልኩን በእጇ ሸፈነች።

«ትንሽ ይቆይ» አለችኝ፤ «ዛሬ ጥሩ ወሬ ይዟል።»